ትኬቱ ከብሩክሊን፣ ሕጉ ከአልባኒ፦ የአንድ ሴናተር የሰፈር ሕጎች መዝገብ እንዴት ይነበባል?

በኒውዮርክ ከተማ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ከፖስታ ሳጥኑ የቅጣት ወረቀት ያወጣል። በወረቀቱ ላይ የመኪናው ፎቶግራፍ፣ ታርጋው ቀርቦ የተነሣበት ሌላ ፎቶግራፍ፣ የመንገዱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መኪናው ሲያልፍ የተመዘገበው ፍጥነትና 50 ዶላር እንዲከፈል የሚያዝ ጽሑፍ ይገኛሉ። ቅጣቱ የተጻፈው መሪ ለጨበጠው ሰው ሳይሆን መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ባለቤት ነው። በመንጃ ፈቃዱም ላይ ነጥብ አያስይዝም።

ወረቀቱን የላከው ከተማው ነው። ነገር ግን ካሜራዎቹ ስንት የትምህርት ቤት አካባቢዎችን እንደሚሸፍኑ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚቀጡ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሚሆንና ሥራው እስከ መቼ እንደሚቀጥል የወሰነው የከተማው ምክር ቤት አይደለም። የወሰኑት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በአልባኒ የሚሰበሰቡት ሕግ አውጪዎች ናቸው። ስለዚህ በብሩክሊን ሰፈሩ ጸጥታና ደህንነት እንዲኖረው የሚፈልግ ነዋሪ፣ ወደ አልባኒ የላከው እንደራሴ ምን ዓይነት ሕግ እንዳቀረበና የቀረበው ሕግ ምን ላይ እንደደረሰ የማወቅ ጉዳይ አለበት።

ይህንን ለማስረዳት የአንድን ሴናተር መዝገብ እንመለከታለን፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድሩ ጉናርዲስ በኖቬምበር 2018 ተመርጦ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ቤይ ሪጅን ጨምሮ የብሩክሊንን ሰፈሮች በክፍለ ግዛቱ ሴኔት የሚወክል ዴሞክራት ነው። ካቀረባቸው ወይም ድምፅ ከሰጠባቸው ሕጎች መካከል ብዙዎቹ በእንግሊዝኛው አነጋገር «የኑሮ ጥራት» ከሚባሉት ወገን ናቸው። እነዚህ ስለ ጦርነትና ስለ ውጭ ጉዳይ ሳይሆን፣ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ ስለሚያጋጥመው የመኪና ፍጥነት፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሣ የሞተር ጩኸትና በጣሪያ ላይ ስለሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር የሚደነግጉ ሕጎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚነበበው የረቂቆቹን ብዛት በመቁጠር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ረቂቅ የት እንደቆመና ማን እንዳቆመው በመከታተል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የአንድ ከተማ መንገድ ጉዳይ ለምን ወደ ክፍለ ግዛት ይሄዳል? በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሥልጣን ባለቤቶች ተብለው የተጠቀሱት የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ ከተማ የሚባል አካል በዚያ ሰነድ ውስጥ የለም። ከተማ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከክፍለ ግዛቱ ነው። በ1868 ጆን ዲለን የተባለ የአዮዋ ዳኛ፣ ከተማ ክፍለ ግዛቱ በግልጽ ከሰጠው ሥልጣንና ከዚያ ጋር የግድ ከሚያያዘው በቀር ሌላ የለውም ሲል ጽፎ ነበር። ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች ይህን መርህ እስከ ዛሬ ይከተላሉ። ኒውዮርክ በሕገ መንግሥቱ ዘጠነኛ አንቀጽ ለከተሞቿ ሰፋ ያለ ራስን የማስተዳደር መብት ብትሰጥም፣ ትራፊክን በሚመለከት ግን ዋናው ሕግ የክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪና የትራፊክ ሕግ ስለሆነ፣ ከተማው ያለ አልባኒ ፈቃድ በካሜራ ሊቀጣም ሆነ አጠቃላይ የፍጥነት ወሰኑን ሊቀንስ አይችልም።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገን ይህን ልዩነት በፌስታል ዋጋ አይቶታል። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በራሱ ሥልጣን ሕግ አውጥቶ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ በአንድ ፌስታል አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በራሱ ምክር ቤት ወስኖ በ2012 ተከተለ። ወንዙን ተሻግሮ በአሌክሳንድሪያ ከሚገኝ መደብር በርበሬና ሽሮ የሚሸምት ሰው ግን ያንኑ አምስት ሳንቲም መክፈል የጀመረው በጃንዋሪ 2022 ነው። የቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ግብር ለመጣል በመጀመሪያ ከክፍለ ግዛታቸው ዋና ከተማ ከሪችመንድ ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው፤ ፈቃዱን የሰጠው ሕግ፣ በሴኔቱ በኩል ካቀረቡት አንዱ የአሌክሳንድሪያው ተወካይ አዳም ኤቢን ሆኖ፣ የጸደቀው በ2020 ነበር። ሳንቲሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በመካከል የ12 ዓመት ልዩነት የፈጠረው የሥልጣኑ ምንጭ ነው።

አሁን ወደ አልባኒ እንመለስ። በዚያ 63 ሴናተሮችና 150 የታችኛው ምክር ቤት አባላት አሉ፤ ሁሉም የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ነው። አንድ ረቂቅ በሴኔት ሲቀርብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቃል በቃል የሚመሳሰለው መንታ ረቂቅ በታችኛው ምክር ቤት በሌላ አባል ስም ይቀርባል። ረቂቁ በተሻሻለ ቁጥር ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጨመርበታል። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ካሳለፈው ለጠቅላላው ምክር ቤት ይደርሳል። የመጨረሻው ቅጂ በአባላቱ ፊት ለሦስት ቀን ካልቆየ በቀር ድምፅ አይሰጥበትም፤ አገረ ገዥው አስቸኳይ ነው ብሎ በጽሑፍ ካላሳወቀ በስተቀር። ሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ካሳለፉ በኋላ አገረ ገዥው ይፈርማል፣ ወይም ምክንያቱን ጽፎ ውድቅ ያደርጋል። የሁለት ዓመቱ ዘመን ሲያልቅ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል፤ አቅራቢው ከፈለገ በአዲስ ቁጥር እንደገና ያስገባዋል።

ከዚህ ሂደት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በእንደራሴው ስም የተመዘገቡት ረቂቆች ብዛት በራሱ ምንም አይነግረንም። በየዓመቱ ብዙ ሺህ ረቂቆች ይቀርባሉ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፈው ለአገረ ገዥው የሚደርሱት ግን አንድ ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። አራት ጊዜ በአራት ቁጥሮች የቀረበ አንድ ሐሳብ በዝርዝሩ ላይ አራት ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው፣ «ሴኔቱ አሳለፈው» የሚለው ዜና ሕግ ወጣ ማለት አይደለም። የአቅራቢው ፓርቲ አብላጫ በያዘበት ምክር ቤት ማለፍ የመንገዱ እኩሌታ ብቻ ነው።

በጉናርዲስ መዝገብ ውስጥ ይህን ሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የፍጥነት ካሜራው ታሪክ ስለሆነ፣ እርሱን ሰፋ አድርጌ እተርካለሁ።

አልባኒ ለኒውዮርክ ከተማ በፍጥነት ካሜራ የመቅጣት ፈቃድ የሰጠው በ2013 ነው፤ ያኔ ለሙከራ ያህል በ20 የትምህርት ቤት አካባቢዎች ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 140 ከፍ አለ። ሁለቱም ሕጎች ግን በውስጣቸው የሚያበቁበት ቀን ተጽፎባቸው ነበር። የሕግ አውጪዎች ልማድ ነው፤ አከራካሪ የሆነን ነገር ሲፈቅዱ ለጥቂት ዓመት ብቻ ይፈቅዱና ጊዜው ሲደርስ እንደገና ድምፅ እንዲሰጥበት ያስገድዳሉ። በጁላይ 2018 ያ ቀን ደረሰ። የታችኛው ምክር ቤት የማራዘሚያውን ረቂቅ ሲያሳልፍ፣ ሴኔቱ ግን ለድምፅ ሳያቀርበው ተበተነ። ፈቃዱ ወደቀ፣ ካሜራዎቹም በቦታቸው ቆመው መቅጣት አቆሙ።

ከተማው በራሱ ሕግ ለምን አልቀጠለም? ካሜራው የሚያየው ታርጋ ብቻ ነው። ታርጋው የማን እንደሆነ የሚያውቀው የክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪ መዝገብ ነው፤ ያለዚህ መዝገብ የቅጣት ወረቀቱ የሚላክበት አድራሻ የለም። በኦገስት መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ቀናት ሲቀሩ፣ አገረ ገዥ አንድሩ ኩዎሞ በአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ መዝገቡ ለከተማው እንዲከፈት አደረጉ፣ የከተማው ምክር ቤትም ወዲያው የራሱን ሕግ አወጣ። ይህ ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር፤ ዘላቂው ከሴኔቱ መምጣት ነበረበት።

ቤይ ሪጅን ያኔ ለረጅም ጊዜ ይወክል የነበረው የሪፐብሊካኑ ሴናተር ማርቲ ጎልደን ነበር። የካሜራው ጉዳይ በዚያ ዓመት ምርጫ ከተከራከሩባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ሆነ፤ ጉናርዲስም አሸነፈ፣ ሴኔቱም ወደ ዴሞክራቶች አብላጫ ዞረ። አዲሱ ሴናተር በገባ በመጀመሪያው ጸደይ ረቂቁን በሴኔት አቀረበ፣ በታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ዲቦራ ግሊክ አቀረቡት። በሜይ 2019 የተፈረመው ሕግ የትምህርት ቤት አካባቢዎቹን ቁጥር ከ140 ወደ 750 አሳደገ፣ ሰዓቱንም በሥራ ቀናት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አደረገው።

ይህም ቢሆን ጎደሎ ነበረው። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም እኩለ ሌሊት፣ ማለትም መንገዱ ባዶ ሆኖ መኪና የሚበርበት ሰዓት፣ ካሜራው ተኝቶ ያድር ነበር። በ2022 ሕጉ ሲታደስ ጉናርዲስ እንደገና አቅራቢ ሆኖ፣ ከኦገስት 1 ቀን ጀምሮ ካሜራዎቹ ሃያ አራት ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን እንዲሠሩ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ ፈቃዱ እስከ 2030 ተራዘመ። ቅጣቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያው 50 ዶላር ነው፣ የሚቀጣውም ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት ከ10 ማይል በላይ ያለፈ ብቻ ነው። የከተማው የትራንስፖርት መምሪያ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ከወሰን በላይ መንዳት ከ70 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ያሳውቃል።

የተቃዋሚዎቹን ቃል መስማትም ተገቢ ነው። ካሜራው የከተማው ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል የሚሉ አሉ፣ 50 ዶላር ለሀብታም ምንም ሆኖ ሳለ በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው የምግብ ገንዘብ መሆኑን የሚያነሡም አሉ። ይህ ሁለተኛው አቤቱታ እውነት ያለበት ይመስለኛል። መኪናውን ለሌላ ሹፌር የሚያከራይ ሰው ቅጣቱ በራሱ ስም እንደሚመጣበትም ማሰብ ያስፈልጋል። ሆኖም ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት መንገድ ላይ በሰዓት 25 ማይል በተወሰነበት 36 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳን ሰው በዝምታ ማለፍ፣ ለማንም ድሃ ቤተሰብ የሚጠቅም ነገር አይደለም። በእነዚያ መንገዶች በእግሩ የሚሄደው በአብዛኛው መኪና የሌለው ነው።

ካሜራው የረጅም ጊዜ ትግል ሲሆን፣ የማርሚታው ሕግ ግን ፈጥኖ የተሳካ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ማርሚታቸውን አስቀይረው እንደ ተኩስ የሚያስጮኹ መኪናዎችና ሞተር ብስክሌቶች የብዙ ሰፈሮችን ሌሊት ረበሹ። ጉናርዲስ ያቀረበውና አገረ ገዥ ካቲ ሆኩል በኦክቶበር 2021 የፈረሙት ሕግ፣ ድምፅ ለማጉላት ብቻ የሚደረግን ቅየራ የሚሠሩ ጋራዦችና እንዲህ ባለ መኪና የሚነዱ ሰዎች እስከ 1,000 ዶላር እንዲቀጡ አደረገ፣ የዓመታዊ ምርመራ ጣቢያዎችም ማርሚታውን እንዲያዩ አዘዘ። ሕጉ ከሹፌሩ አልፎ ጋራዡን መያዙ አስተዋይነት ነው፤ አንድ ጋራዥ መቶ መኪና ያስጮኻልና። ስለ ጩኸት ከተማውም የራሱ ሥልጣን አለው። ከወሰን ያለፈ የመኪና ድምፅ የሚመዘግቡ ካሜራዎችን በራሱ የጩኸት ደንብ መሠረት ይተክላል፣ ምክር ቤቱም በ2023 መጨረሻ ቁጥራቸው እንዲበዛ ደንግጓል። እንግዲህ ያው ካሜራ ድምፅን ሲለካ የከተማ ጉዳይ፣ ፍጥነትን ሲለካ የክፍለ ግዛት ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው የተሸነፈ ረቂቅ ነው፤ መሸነፉም ብዙ ያስተምራል። ከማንሃተን ዳርቻ የሚነሡ የጉብኝትና የሀብታሞች ሄሊኮፕተሮች በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉትን ሰፈሮች ስለሚያስጨንቁ፣ በ2022 ሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ረቂቅ አሳለፉ። ረቂቁ ነዋሪዎች በመጠን ያለፈ የሄሊኮፕተር ጩኸት የሚያደርስባቸውን ሰው በፍርድ ቤት እንዲከሱ ይፈቅድ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አገረ ገዥዋ ውድቅ አደረጉት። ምክንያቱ የሥልጣን ጉዳይ ነበር፤ የአየር ክልል የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ድርሻ ነው። ከተማው ለካሜራ ወደ አልባኒ ቀና እንደሚል፣ አልባኒ ደግሞ ለሰማዩ ወደ ዋሽንግተን ቀና ይላል። ረቂቁ በጁን አልፎ በዲሴምበር መውደቁ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ በኒውዮርክ ግን የጸደቁ ረቂቆች ለአገረ ገዥው የሚላኩት በአንድ ጊዜ ሳይሆን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየተራ ስለሆነ፣ ዕጣቸው ያልታወቀ ረቂቆች ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ይጠበቃሉ።

አራተኛው በ2025 ገና በመንገድ ላይ የነበረ ረቂቅ ነው። ካሜራው ብዙዎችን ቢያርምም፣ በዓመት ውስጥ አሥርና ሃያ ጊዜ ተቀጥተው የማይመለሱ ጥቂት ሹፌሮች አሉ። ቅጣቱ ነጥብ ስለማያስይዝ መንጃ ፈቃዳቸው አይነካም፤ 50 ዶላሩን እንደ መንገድ ክፍያ ቆጥረው ይከፍላሉ፣ ወይም ጨርሶ አይከፍሉም። ጉናርዲስና በታችኛው ምክር ቤት ኤሚሊ ጋላገር በ2023 ያወጡት ረቂቅ፣ እንዲህ ባሉ ሰዎች መኪና ላይ ከተወሰነው ፍጥነት እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ በግዴታ እንዲገጠም ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቅጂ መሣሪያው የሚገጠመው በዓመት 6 የካሜራ ቅጣት ሲደርስ ነበር፤ ኋላ ቁጥሩ ወደ 16 ከፍ ተደረገ። እነሆ የቁጥሩ ጎን ፊደል ትርጉም። ስሙ ያልተለወጠ ረቂቅ ውስጡ በእጅጉ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ርእሱን ሳይሆን የመጨረሻውን ቅጂ ማንበብ ያስፈልጋል።

በማርች 2025 በብሩክሊን ኦሽን ፓርክዌይ ላይ አንዲት እናትና ሁለት ሴት ልጆቿ መንገድ ሲሻገሩ በመኪና ተገጭተው ሞቱ። መኪናው ቀደም ሲል ደጋግሞ በፍጥነት ካሜራ የተቀጣ እንደነበር በሰፊው ተዘገበ። በዚያው ዓመት ጁን ሴኔቱ የመሣሪያውን ረቂቅ አሳለፈው፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ድምፅ ሳይሰጥበት የዓመቱን ስብሰባ ፈጸመ። በመዝገቡ ላይ ይህ «በሴኔት ያለፈ» ተብሎ ይጻፋል። በተከታዮቹ ወራት ግን በመንገዱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

መዝገቡ የማያሳየውም አለ። በ2013 በብሩክሊን በመኪና ተገጭቶ በ12 ዓመቱ በሞተ ልጅ የተሰየመው የሳሚ ሕግ፣ ከተማው የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት ወደ 20 ማይል እንዲያወርድ የሚፈቅድ ነው። አቅራቢዎቹ ሴናተር ብራድ ሆይልማን-ሲጋልና የታችኛው ምክር ቤት አባል ሊንዳ ሮዘንታል ነበሩ። ለዓመታት ሲገፉት ቆይተው በመጨረሻ በ2024 ጸደይ የጸደቀው በራሱ ቁጥር ሳይሆን በክፍለ ግዛቱ በጀት ውስጥ ተካትቶ ነው፤ ከማንሃተን ውጭ በአንድ አቅጣጫ ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር ያላቸው ሰፋፊ መንገዶች እንዳይነኩ የሚል ገደብም ተጨምሮበት ነበር። ሁለቱን አቅራቢዎች በረቂቃቸው ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልተሳካ ነገር ያገኛል፤ ሕጉ ግን ዛሬ በመንገድ ምልክቶች ላይ ተጽፎ ይታያል። በአልባኒ በየጸደዩ የሚደረገው የበጀት ድርድር ሌሎች ሕጎች ተያይዘው የሚያልፉበት በር ስለሆነ፣ አንድ ረቂቅ ቆመ ከማለት በፊት ይዘቱ በበጀቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ማየት ይገባል።

እንዲሁም አቅራቢና ተባባሪ አቅራቢ አንድ አይደሉም። በረቂቅ ላይ ስምን ማከል በፊርማ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ዋናው አቅራቢ ግን ከኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ከመንታ ረቂቁ ባለቤት፣ ከከተማው አስተዳደርና ከአገረ ገዥው ቢሮ ጋር የሚደራደረው እርሱ ነው። በዘመቻ ወረቀት ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ሲጻፉ፣ በሴኔቱ የረቂቆች መዝገብ ላይ ግን ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ረቂቁ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ የተመራባቸው ቀናትና እያንዳንዱ አባል የሰጠው ድምፅም እንዲሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ሕጎች መካከል ቀኑ የተቆረጠለት የፍጥነት ካሜራው ነው። በ2030 ፈቃዱ ያበቃል። ከዚያ በፊት 63ቱ ሴናተሮችና 150ዎቹ አባላት እንደገና ድምፅ ካልሰጡበት፣ በ2018 እንደሆነው ካሜራዎቹ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ይቀራሉ፣ የታርጋው መዝገብም ለከተማው ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ሁለት የሕግ አውጪዎች ምርጫ፣ በ2026 እና በ2028፣ ይደረጋል።